ትንሿ ቁጥርና ትልቁ ማሽን

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአዲስ አበባ የስልክ ቁጥሮች ሁሉ ረዘሙ። በ01 ይጀምር የነበረው በ011 ጀመረ፤ ስድስት አሃዝ የነበረው ሰባት ሆነ። ታፔላ ያለው ታፔላውን፣ ማኅተም ያለው ማኅተሙን፣ የስልክ ደብተር ያለው ደብተሩን ማስተካከል ግድ ሆነበት። ስልኩ አልተበላሸም፣ ሽቦውም አልተበጠሰም። የጠበበው ቁጥሩ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በኮምፒውተር ውስጥ ላለፉት ስድሳ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። አንድ ኢንጂነር ለቁጠባ ሲል ስምንት ቢት የሚበቃ መስሎት የወሰነው ውሳኔ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የባንክን፣ የአየር ትንበያን፣ ዛሬ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ማሽን ቀስፎ ይይዛል። ስለ ኮምፒውተር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ፍጥነት ነው። የትልልቅ ማሽኖች ታሪክ ግን በአመዛኙ የጠበቡ ቁጥሮች ታሪክ ነው። ጥያቄውም ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ሲያልቅ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? መውጫውን የሚወስነውስ ማን ነው?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የማሽኑ ቀበሌ

ለብዙ ሰው ኮምፒውተር ማለት ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ግን በር እንደሌለው ቤት ናቸው። ዲስኩ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ የግራፊክስ ካርዱ፣ ማተሚያው ከእነርሱ ጋር የሚገናኙት በጋራ መንገድ ነው። ባለሙያዎች ይህን መንገድ ባስ ይሉታል። በኋላ የሚመጣ ካርድ የሚሰካበት ሲሆን ደግሞ የማስፋፊያ ባስ ይባላል።

በዚህ መንገድ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራው የቀበሌን ሥራ ነው። አዲስ ካርድ ሲሰካ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ከሜሞሪው ካርታ ላይ ይዞታ ይቆርስለታል። ጉዳይ ሲኖረው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ደወል ይመድብለታል፤ ይህን ደወል ባለሙያዎች ኢንተራፕት ይሉታል። ቁጥር፣ ይዞታ፣ ደወል፤ ሦስቱም ልክ አላቸው። የቤት ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ስምንት ቢት ከሆነ ከ256 የሚበልጥ ቤት ሊኖር አይችልም። ቀበሌው ይህን መለወጥ አይችልም፤ ልኩ በሲሊከኑ ላይ የታተመ ነውና። የቀረው ብልሃት መፈለግ ነው።

አንድ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ጉዳዩ አይደለም፤ ከ256 ቤት አሥሩን ቢይዝ ነው። ግድግዳው ጋ ቀድመው የሚደርሱት ትልልቆቹ ናቸው። የባንክ ሜይንፍሬም፣ የምርምር ሱፐርኮምፒውተር፣ የመረጃ ማዕከል ሰርቨር። እነርሱ የተጋጩበት ግድግዳ ከዓመታት በኋላ ለሁሉም ይደርሳል።

፪. የ1964 ውርስ

አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ያደረገው በኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነው። የቤተሰቡ ትልቅ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ደንበኛው ትንሹን ማሽን ገዝቶ ነገ ትልቁን ቢገዛ ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ የለበትም። ይህ ቃል ኪዳን ኩባንያውን አበለጸገው። የዛሬዎቹ የአይቢኤም ሜይንፍሬሞችም የዚያው ቤተሰብ የልጅ ልጆች ናቸው። ግን ቃል ኪዳን ዕዳም ነው። ፕሮግራሙ እንዳይለወጥ ቃል የገባ ሰው ፕሮግራሙ የሚያውቀውን ቁጥርም እንደ ልቡ መለወጥ አይችልም።

በሲስተም/360 ዲስክና ቴፕ ከማሽኑ ጋር የሚገናኙት ቻናል በሚባል መንገድ ነበር። ቻናሉ ራሱን የቻለ ትንሽ አንጎል ያለው ተላላኪ ነው፤ ዋናው ፕሮሰሰር ሌላ ሥራ ሲሠራ እርሱ ዳታ ያመላልሳል። የአንድ ዕቃ ስም የቻናሉ ቁጥርና በቻናሉ ላይ ያለው የዕቃው ቁጥር ተጣምረው ነው። የዕቃው ቁጥር ስምንት ቢት ስለነበር በአንድ ቻናል ላይ ከ256 በላይ ዕቃ አይኖርም። ቻናሎቹ በ360 እስከ ሰባት፣ በተከታዩ በ370 ዘመን እስከ አሥራ ስድስት ደረሱ። አሥራ ስድስት ጊዜ 256 ሲሰላ 4,096 ይሆናል። ለ1970ዎቹ ብዙ ነበር።

ከቁጥሩ ማነስ የባሰ ችግር ግን በስሙ ውስጥ ተደብቆ ነበር። የዕቃው ስም መንገዱንም ይዟል። አንድ ዲስክ በሁለት ቻናል ሊደረስበት ከቻለ ሁለት ስም ይኖረዋል። በላይኛው መንገድ የመጣ ሰው አንድ የቤት ቁጥር፣ በታችኛው የመጣ ሌላ የቤት ቁጥር የሚያነብበት ቤት ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ዲስክ መሆናቸውን ማወቅ፣ አንዱ መንገድ ሲጨናነቅ ሌላውን መሞከር፣ ሁለቱም ሲያዙ ሥራውን ወረፋ ማስያዝ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሸክም ነበር። ማሽኑ ባደገ ቁጥር ዋናው ፕሮሰሰር ጊዜውን የሚያጠፋው ስሌት በመሥራት ሳይሆን ክፍት መንገድ በማፈላለግ ሆነ።

መፍትሔው በ1983 በሥራ ላይ ከዋለው 370-ኤክስኤ ከተባለው አደረጃጀት ጋር መጣ። በዚህ አደረጃጀት ስምና መንገድ ተለያዩ። ዲስኩ አንድ ስም ብቻ ኖረው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን ለዚያ ዲስክ አድርስ» ይላል፤ በየትኛው መንገድ እንደሚደርስ የሚመርጠው የቻናሉ ሃርድዌር ራሱ ነው። በዚያው አደረጃጀት የዕቃዎች ቁጥር እስከ 65,536፣ የቻናሎቹ ደግሞ እስከ 256 እንዲደርስ ቦታ ተተወ።

ነገር ግን በር መክፈትና በበሩ መግባት የተለያዩ ናቸው። ሃርድዌሩ 65,536 ቢልም ኤምቪኤስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለረጅም ጊዜ ዕቃዎችን የሚጠራው ባለ ሦስት አሃዝ በሆነው አሮጌ ስም ነበር፤ ጣሪያውም ያው 4,096። አራተኛው አሃዝ የመጣው በ1994 ነው። አንዲት አሃዝ ለመጨመር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ለሦስት አሃዝ ብቻ ቦታ የተዉ ፕሮግራሞች፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎችና የሥራ መመሪያዎች በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተው ነበር።

ታሪኩ በዚህም አላበቃም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትልልቅ ዲስኮች መጡ። አሮጌው ደንብ ደግሞ በአንድ የዲስክ ስም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለአንድ ዲስክ ብዙ ቅጽል ስም እየተሰጠው ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲሄድ ተደረገ። መላው ሠራ። ነገር ግን ቅጽል ስሞቹ ራሳቸው ቁጥር ይበላሉ፤ 65,536 የነበረው ሰፊ ሜዳ በስሞች ተጣበበ። በ2005 የወጣው ዜድ9 ሁለተኛ የቁጥር መዝገብ ጨመረ፤ እውነተኛዎቹ ዲስኮች በመጀመሪያው፣ ቅጽል ስሞቹ በሁለተኛው መዝገብ እንዲሰፍሩ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በዜድ990 ላይ የ256 ቻናሎች ጣሪያ ተነክቶ ነበር። አይቢኤም የቻናሉን ቁጥር ከስምንት ቢት ወደ ዘጠኝ አላሳደገም። ያደረገው ሌላ ነው፤ ማሽኑን በውስጡ ብዙ የቻናል ሥርዓቶች እንዳሉት አድርጎ ከፈለው፣ ለእያንዳንዱም የራሱን 256 ሰጠው። በማሽኑ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እያንዳንዳቸው የሚያዩት የራሳቸውን 256 ብቻ ነው። ጣሪያው መነሳቱን እንኳ ማወቅ አላስፈለጋቸውም።

በእነዚህ ማሽኖች ላይ ሊነክስን የሚያሠራ ሰው ዛሬም የዲስክ ስም ሲያይ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዜሮዎች በነጥብ ተለያይተው ያገኛል። አንዷ የቻናል ሥርዓቱን፣ ሌላዋ መዝገቡን የምታመለክት ናት። ሁለቱ ዜሮዎች የሁለት ያለቁ ቁጥሮች መታሰቢያ ናቸው።

፫. የጠረጴዛው ኮምፒውተርና የመንገድ ቀረጥ

ሜይንፍሬሙ ይህን ሁሉ ሲያይ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ታሪኩን ከ«ሀ» ጀመረ። በ1984 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ በኋላ አይኤስኤ የተባለውን ባስ ይዞ መጣ። የአድራሻ መስመሮቹ 24 ነበሩ፤ ይህ ማለት ካርዱ በራሱ ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለካርዶች የተተዉት ደወሎች ደግሞ ቢበዛ አሥራ አምስት፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለኪቦርድ፣ ለሰዓትና ለዲስክ ቀድመው የተያዙ ናቸው። የድምፅ ካርድ የገዛ ሰው ካርዱን ከመሰካቱ በፊት ትንንሽ መቀያየሪያዎችን እያነሳና እያስገባ ነጻ ደወል መፈለግ ነበረበት። ሁለት ካርዶች አንድ ደወል ላይ ከተጋጩ ማሽኑ ይደርቃል። የቀበሌው ሥራ በነዋሪው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የ16 ሜጋባይቱ ጣሪያ ዕድሜ ከሁሉ ያስገርማል። ማሽኖች 64 ሜጋባይት፣ ከዚያ ጊጋባይት ሲይዙ ካርዱ ግን ከታችኛው 16 ሜጋባይት ወዲያ ማየት አይችልም። ሊነክስ ያበጀው ብልሃት ከሜሞሪው ታች 16 ሜጋባይቱን ለይቶ መከለል ነበር። ዳታው ከላይኛው ሜሞሪ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ታችኛው ይገለበጣል፤ ካርዱ ከዚያ ያነሳል። ሲኖትራክ ወደ ጠባብ ሰፈር መግባት ሲያቅተው አሸዋውን መታጠፊያው ላይ ዘርግፎ በጋሪ እንደሚመላለሰው ማለት ነው። ሥራው ይሠራል፣ ግን ሁለት ጊዜ ይጫናል። ያ ክልል ባሱ ራሱ ከገበያ ከጠፋ ከብዙ ዓመታት በኋላም በሊነክስ ኮድ ውስጥ ቀርቷል።

አይቢኤም ችግሩን አላጣውም። በኤፕሪል 1987 ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ማይክሮ ቻናል የሚባል አዲስ ባስ አወጣ። በቴክኒክ ሲመዘን ጥሩ ነበር። 32 ቢት ያስተላልፋል፤ ደወልን ካርዶች ሳይጋጩ እንዲጋሩ ያደርጋል፤ መቀያየሪያ መነካካትንም አስቀርቶ ምደባውን ለሶፍትዌር ሰጥቷል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። የድሮ ካርዶች አይሰኩበትም፤ ሌሎች አምራቾች ሊጠቀሙበት ሲፈልጉ ደግሞ ለአይቢኤም የፈቃድ ክፍያ መክፈል አለባቸው። መንገዱ ሰፋ፣ በመንገዱ አፍ ላይ ግን ቀረጥ ሰብሳቢ ቆመ።

መልሱ በሴፕቴምበር 1988 መጣ። በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ ኩባንያዎች ተባብረው ኢአይኤስኤ የተባለ የራሳቸውን ባስ አወጁ። እርሱም 32 ቢት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የድሮው ካርድ በአዲሱ ማስገቢያ ላይ ይሰካል። በገበያው ቁርጥ ያለ አሸናፊ አልተገኘም። ኢአይኤስኤ በሰርቨሮች ላይ ተወስኖ ቀረ፤ ማይክሮ ቻናል ደግሞ ከአይቢኤም ደጅ ብዙም አልራቀ። አሸናፊው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1992 ኢንቴል ፒሲአይን አወጣና ለአምራቾች የጋራ ማኅበር አስረከበው። ማንም አምራች በአንድ ኩባንያ ደጅ ሳይጠና ሊሠራበት ቻለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተራ ፒሲ እስከ ትልቅ ሰርቨር ሁሉም ፒሲአይ ሆነ።

፬. 256 መንገዶችና አራት ዜሮዎች

ክፍት መሆኑ ግን ከትንሽ ቁጥር አላዳነውም። በፒሲአይ የአንድ ዕቃ አድራሻ ሦስት ክፍል አለው፤ የባሱ ቁጥር ስምንት ቢት፣ የዕቃው ቁጥር አምስት ቢት፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ተግባር ቁጥር ሦስት ቢት። 256 መንገድ፣ በየመንገዱ 32 ቤት፣ በየቤቱ 8 ክፍል። ተባዝቶ 65,536።

በወረቀት ሲታይ ሰፊ ነው። በተግባር ግን አንድ መንገድ 32 ቤት መሸከም አይችልም፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ስለሚዳከም በተለመደው ፍጥነት አንድ ባስ ላይ አራት ያህል ካርድ ሲሰካ ይበቃዋል። ተጨማሪ ካርድ ከተፈለገ ድልድይ ተሠርቶ አዲስ መንገድ ይከፈታል። መንገድ ሁሉ ቁጥር ይበላል። በ2003 የወጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይህን አባባሰው። በእርሱ ሁለት ዕቃዎችን የሚያገናኘው እያንዳንዱ መስመር ለብቻው እንደ አንድ ባስ ይቆጠራል። ሰፊ ጎዳና ሁሉ ተሸንሽኖ ወደ አንድ ቤት ብቻ የሚያስገባ ቅያስ ሆነ፤ እያንዳንዱ ቅያስም የራሱን የመንገድ ቁጥር ይጠይቃል። ማሽኑ እየሠራ ካርድ መንቀልና መሰካት ሲፈቀድ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ላልመጣ እንግዳ ቁጥር ማስቀመጥ ግድ ሆነበት። ከ256ቱ ብዙዎቹ ባዶ ቦታ እየጠበቁ ያልቃሉ።

ከግድግዳው ጋር ቀድመው የተላተሙት ግዙፎቹ ናቸው። በ2004 የአሜሪካው ናሳ ኮሎምቢያ የተባለውን ሱፐርኮምፒውተር ሲተክል፣ ማሽኑ 20 የኤስጂአይ አልቲክስ ኮምፒውተሮችን ያቀፈ ነበር፤ በእያንዳንዱ 512 ፕሮሰሰር፣ በድምሩ 10,240። በ512 ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው አንድ የሊነክስ ከርነል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በየመደርደሪያው የራሱ የፒሲአይ ባሶች አሉት፤ ሁሉንም በአንድ የ256 መዝገብ ውስጥ ማስፈር አይታሰብም።

ብልሃቱ ያው የስልኩ ብልሃት ሆነ፤ ከፊት ቁጥር መጨመር። ማሽኑ በዶሜይኖች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ዶሜይን ውስጥ የባሱ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ባስ 3 በአንዱ ዶሜይን፣ ባስ 3 በሌላው ዶሜይን ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሁለት ከተሞች እያንዳንዳቸው «ፒያሳ» ቢኖራቸው ማንም እንደማይሳሳተው ማለት ነው። የከተማውን ስም መጥራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዶሜይኑ ቁጥር 16 ቢት ተመደበ፤ ሊነክስም የእያንዳንዱን ካርድ ስም በአራት አሃዝ የዶሜይን ቁጥር መጀመር ያዘ። ዛሬ ሊነክስ በተጫነበት ተራ ላፕቶፕ ላይ የግራፊክስ ካርዱን አድራሻ የሚያይ ሰው 0000:00:02.0 የመሰለ ነገር ያገኛል። ከፊት ያሉት አራት ዜሮዎች ለእርሱ ምንም አይሠሩለትም። እነዚያ ዜሮዎች የግዙፎቹ ማሽኖች ዕዳ ናቸው፤ ለሁሉም ተከፋፍሎ የደረሰ።

አራቱ ዜሮዎች ራሳቸውም አልበቁም። ኢንቴል በሰርቨሮቹ ውስጥ ብዙ ፈጣን ዲስኮችን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር የሚያደርግ ቪኤምዲ የተባለ መላ ሲያመጣ፣ ከተቆጣጣሪው ጀርባ ያሉት ዲስኮች የራሳቸው ዶሜይን አስፈለጋቸው። ከማሽኑ የቀድሞ ዶሜይኖች ጋር እንዳይጋጩ የሊነክስ አበጂዎች ቁጥራቸውን ከ16 ቢት ወሰን ውጭ አስጀመሩት። ስማቸው ባለ አምስት አሃዝ ሆነ፤ 10000 ብሎ ይጀምራል። «ዶሜይን አራት አሃዝ ነው» ብለው በ16 ቢት ቦታ ያስቀመጡ ፕሮግራሞች እንደገና መታየት አስፈለጋቸው። የ1994ቱ የሜይንፍሬም ታሪክ በሌላ ቤት ተደገመ።

አንዳንዴ ደግሞ መፍትሔው ያለውን እንደገና መሸንሸን ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ በአንድ መስመር ጫፍ አንድ ዕቃ ብቻ ስላለ አምስቱ የዕቃ ቁጥር ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው፤ ባክነው ተቀምጠዋል። አንድ የኔትወርክ ካርድ ራሱን ለብዙ ምናባዊ ማሽኖች ሲያካፍል ግን ስምንት ተግባር አይበቃውም። ስለዚህ አምስቱና ሦስቱ ቢቶች ተዋህደው አንድ ስምንት ቢት እንዲሆኑ ደንብ ወጣ፤ ካርዱም 256 ክፍል አገኘ። ሠላሳ ሁለት ባዶ ቤት የነበረው ግቢ አጥሩ ፈርሶ አንድ ትልቅ ቤት ሆነ።

፭. ይዞታና ደወል

ቁጥር ብቻ አይደለም ያለቀው። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ከሜሞሪው የተለየ ወደብ የሚባል የአድራሻ ክልል አለ፤ ስፋቱ 65,536 ብቻ ነው። በፒሲአይ ድልድይ ሥር ያለ መንገድ ከዚህ ክልል ሲቆረስለት ትንሹ ቁራሽ 4,096 ነው። አንድ ሰው በወረቀት ሊያካፍለው ይችላል፤ አሥራ ስድስት ድልድይ፣ ከዚያ አለቀ። ብዙ ማስገቢያ ያላቸው ሰርቨሮች ከዚህ ቁጥር ጋር ሲጋጩ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። አዳዲሶቹ ካርዶች ወደቡን ጭራሽ ሳይፈልጉ በሜሞሪ አድራሻ ብቻ እንዲሠሩ ሆነ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ወደብ ማግኘት ያልቻለውን ካርድ ውድቅ ማድረግ ትቶ ያለ ወደብ ማስነሳትን ለመደ።

የሜሞሪ ይዞታው ጉዳይ ለተራ ተጠቃሚም ደርሷል። አራት ጊጋባይት ሜሞሪ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ሦስት ነጥብ ምናምን ብቻ ነው ሲለው የተበሳጨ ሰው ብዙ ነው። ሻጩ አላታለለውም። ከአራት ጊጋባይት በታች ካለው አድራሻ ላይ ካርዶቹ ይዞታቸውን ስለወሰዱ ነው። ዛሬ በአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ካርድ ላይ 80 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲቀመጥ፣ የእርሱ ይዞታ ከአራት ጊጋባይት በላይ ባለው ሰፊ አገር ካልተመራ በቀር ማሽኑ ሊያውቀው አይችልም። ብዙ ሰርቨሮች በመነሻ ቅንብራቸው ላይ ይህን የሚፈቅድ ቁልፍ አላቸው፤ ቁልፉ ከተዘጋ በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛው ካርድ ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል።

ካርዱ አሮጌ ሆኖ ከአራት ጊጋባይት በላይ ማየት ካልቻለስ? ለዚህ ከጋሪው የተሻለ መላ ተገኝቷል፤ በካርዱና በሜሞሪው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ። ካርዱ በሚያውቀው አጭር አድራሻ ይጠራል፤ አስተርጓሚው ወደ እውነተኛው ረጅም አድራሻ ይመልሳል። አሸዋው ሁለት ጊዜ መጫኑ ቀረ።

ደወሉም እንዲሁ ነው። ፒሲአይ በመጀመሪያ ካርዶች የሽቦ ደወል እንዲጋሩ አደረገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ደወል ሽቦ መሆኑ ቀርቶ መልእክት እንዲሆን ደንብ ወጣ፤ በኋላም አንድ ካርድ ብቻውን እስከ 2,048 ደወል እንዲኖረው ተፈቀደ። በሌላ በኩል የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚያውቀው 256 የደወል ዓይነት ነው፤ ከእነርሱም 32ቱ ለራሱ የተያዙ ናቸው። በካርዱ በኩል 2,048፣ በፕሮሰሰሩ በኩል ሁለት መቶ ገደማ። ሊነክስ ይህን ያስታረቀው እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ የደወል መዝገብ እንዲኖረው በማድረግ ነው። ደወል ቁጥር 50 በአንዱ ፕሮሰሰር ዲስክ፣ በሌላው ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። የፕሮሰሰሮቹ ቁጥር ራሱ ከ255 ሲያልፍ ደግሞ የእነርሱም መለያ ቁጥር ከስምንት ቢት ወደ 32 ቢት መስፋት ነበረበት።

፮. ዕዳው የማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ መልክ አለ። ቁጥር ሲያልቅ አራት መውጫ አለ። ከፊት ቁጥር መጨመር፤ ዶሜይኑና ሁለተኛው መዝገብ እንዲህ ናቸው። መደበቅ፤ እያንዳንዱ የራሱን 256 ብቻ እንዲያይ ማድረግ። መተርጎም፤ ጋሪውና አስተርጓሚው። ወይም አፍርሶ እንደገና መሥራት፤ ማይክሮ ቻናል የሞከረው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀርፋፋና መልከ ጥፉ ቢሆኑም ኖረዋል። አራተኛው በቴክኒክ ንጹሕ ነበር፤ ከሰው ጋር መኖር ግን አልቻለም።

«ቀድሞ መመጠን ነው እንጂ፣ ለምን ከመነሻው ትልቅ ቁጥር አልመረጡም?» ይባላል። ቀላል ፍርድ ነው። በ1964 እያንዳንዷ ቢት ገንዘብ ነበረች። ሲስተም/360 ለሜሞሪ አድራሻ 24 ቢት ሲመርጥ በዘመኑ ለጋስነት ነበር። እንዲያውም ስህተቱ ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አልነበረም። አድራሻው በ32 ቢት ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ስምንት ቢት ባዶ ቀረ፤ ፕሮግራመሮች ደግሞ ባዶውን ቦታ ለራሳቸው ምልክት ማኖሪያ አደረጉት። አይቢኤም በ1983 አድራሻውን ሊያሰፋ ሲነሳ ሙሉውን 32 ቢት መውሰድ አልቻለም፤ አንዷ ቢት ለአሮጌው ልማድ ተትታ 31 ሆነ። ባዶ መሬት ካልታጠረና «ለነገ የተያዘ» ካልተባለ ሰው ይሰፍርበታል። ስለዚህ ትምህርቱ ትልቅ ቁጥር መምረጥ ብቻ አይደለም። ለነገ የተተወውን ቦታ ዛሬ ማንም እንዳይነካው መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ፍትሕ ነው። ትንሿን ቁጥር የመረጠው ሰው ቁጠባውን ያኔውኑ አገኘ። ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኮድ የሚያርሙ፣ መቀያየሪያ የሚነካኩ፣ የገዙት ሜሞሪ የጎደለባቸው። ወጪው ማንም ሳያየው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ሃርድዌሩ ሲሸጥ ይመሰገናል፤ የሃርድዌሩን ጥበት የሚሸፍነው ሶፍትዌር ግን የሚታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው።

፯. ያው ጥያቄ በአዲስ ስም

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተማሪዎች መተው ይቻል ነበር። ዛሬ ግን ያው ክርክር በቢሊዮን ዶላሮች እየተካሄደ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች ብዙ ካርዶችን እንደ አንድ ማሠራት ይፈልጋሉ፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ ለዚያ ጠቧቸዋል። ኤንቪዲያ ኤንቪሊንክ የተባለ የራሱን መንገድ ሠርቶ፣ በ2024 ባስተዋወቀው መደርደሪያ 72 ካርዶችን በእርሱ አገናኝቷል። መንገዱ ፈጣን ነው፤ የመንገዱ ባለቤት ግን አንድ ነው። በዚያው ዓመት ኤኤምዲ፣ ኢንቴል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ሜታና ሌሎችም ተባብረው ዩኤሊንክ የሚባል የጋራ መንገድ እንደሚያበጁ አስታወቁ። የመጀመሪያው ደንብ በኤፕሪል 2025 ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ ኤንቪዲያም መንገዱን ለሌሎች አምራቾች በከፊል እንደሚከፍት ገለጸ።

1987ንና 1988ን የሚያስታውስ ሰው መልኩን ወዲያው ይለየዋል። ፈጣን ግን በቀረጥ የተዘጋ መንገድ፤ በሌላ ወገን በተፎካካሪዎች ማኅበር የተቋቋመ የጋራ መንገድ። ያኔ ከሁለቱ አንዱም አላሸነፈም፤ ያሸነፈው በጊዜው ክፍት ሆኖ የቀረበው ሦስተኛው ነው። አሁን ማን እንደሚያሸንፍ ገበያው ይነግራል። መዘዙ ግን ከአምራቾቹ ያልፋል። ማሽን የማይሠራ፣ ማሽን የሚገዛ አገርና ተቋም ሁሉ የሚኖረው ሌሎች በመረጡት ቁጥርና ሌሎች ባቆሙት ኬላ ሥር ነው። ዛሬ የሚፈረመው የግዢ ውል ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው ካርድ እንደሚሰካና ከማን ብቻ እንደሚገዛ አብሮ ይወስናል።

በዩኤሊንክ የመጀመሪያ ደንብ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ተጽፏል። በአንድ ስብስብ ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉት ካርዶች እስከ 1,024 ናቸው። አሥር ቢት መሆኑ ነው። ለጊዜው ብዙ ይመስላል። በ1964 256ም፣ በ1992 65,536ም ብዙ ይመስሉ ነበር።